ለኳየሩ ሄድፎን ስመርጥ

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ባለሙያ ለመባል መማር የግድ አይደለም፤ ሰው አንድ ቀን በጉባኤ ፊት ነገር ከተሳካለት ይበቃዋል። እኔ የተሳካልኝ አንድ እሑድ በጸሎት መካከል ነው። የመድረኩ ስፒከር ድንገት እንደሚታረድ በሬ ማጓራት ጀመረ። አጠገቡ ነበርኩና ደንግጬ በጥፊ አልኩት። ዝም አለ። ጉባኤው ዓይኑን ሲገልጥ እጄ ገና ስፒከሩ ላይ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በስደት አገር፣ ጻካኔ በምትባል የድሆች ሰፈር ዳቦና ፓራፊን የሚሉትን ነጭ ጋዝ የምሸጠው ሰውዬ «የድምፅ ሰው» ሆንኩ።

እንዲህ ያለ ስም መጀመሪያ ደስ ይላል። ችግሩ፣ ስም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሥራ አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው።

ኳየራችን አምና መዝሙሮች ቀድቶ ነበር። ባለቤቴ አስቴር ፊት መስመር ላይ የምትቆም ሶፕራኖ ናት። እኔ ቤዝ ነኝ፤ ቤዝ የሆንኩትም ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ሳይሆን ኋላ መስመር ላይ ሰው ስለጎደለ ነው። ቅጂው ሳይስተካከል ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ፤ ምክንያቱም የሚያስተካክለው ማቲዎስ የሚያዳምጥበት ነገር አልነበረውም። ማቲዎስ የኳየራችን ቀጂ ነው፤ መሀል ከተማ ሂልብሮው፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ከጓደኞቹ ጋር በመጋረጃ ተካፍሎ ይኖራል። ሲያዳምጥ የከረመው እኔ ሱቅ ውስጥ ከምላጭና ከሻማ ጎን በሚንጠለጠለው ኢርፎን ነው። በሱ ሲሰማ መዝሙሩ ሁሉ በርሜል ውስጥ ገብተን የዘመርነው ይመስላል።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ደህና ሄድፎን ከነአምፕሊፋየሩ ይገዛ፤ መራጩም የድምፁ ሰው ይሁን» ብለው ወሰኑ። አይሆንም ለማለት ፈልጌ ነበር። በእኛ ደንብ ግን ለሽማግሌ «አይሆንም» የሚባለው መጀመሪያ «እሺ» ከተባለ በኋላ ነው። እሺ አልኩ። ሁለተኛውን ለማለት ሳልደርስ ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ።

እስከዚያ ድረስ ሄድፎን ማለት ለእኔ ወይ ይሰማል ወይ አይሰማም። ይህን እምነቴን ማቲዎስ በማግስቱ ደውሎ አፈረሰው።

«ጋሼ፣ ክፍት ነው ዝግ የምንገዛው?»

«ሱቁን ነው?»

«ሄድፎኑን! ኦፕን ባክ ከሆነ ድምፁ ሰፊ ነው፤ ግን ወደ ውጭ ያፈሳል። ክሎዝድ ከሆነ ከውስጥ አይወጣም፣ ከውጭም ምንም አይገባም።»

«የማያፈሰው ይሻላል» አልኩ። ያሰብኩት ስለ ጣሪያዬ ነበር።

«እሺ፣ ኢምፒዳንሱስ?»

ዝም አልኩ። ዝም ሲባል ሰው አዋቂ ይመስላል ብዬ ነበር፤ ማቲዎስ ግን ገባው።

«ጋሼ፣ ሄድፎን እንደ አህያ ነው። አንዳንዱ ሲነኩት ይሄዳል፤ ስልክህ ይበቃዋል። ጥሩ ጥሩው ግን ኢምፒዳንሱ ትልቅ ነው፣ ግትር ነው፤ ጉልበት ያለው ነጂ ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። ነጂው አምፕሊፋየሩ ነው። ደግሞ ለገሩ አህያ ኃይለኛ ነጂ ብትሰጠው ሽሽሽ እያለ ይጮህብሃል። ዋናው ሥራ ማጋባቱ ነው።»

ማጋባቱ! እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ለሽምግልና ተልኬ አውቃለሁ፤ ልጅቷን ከልክለውን ተመልሰናል።

ከዚያ በኋላ ሰላም የሚባል ነገር ከቤቴ ወጣ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ በስልኬ የሄድፎን ቪዲዮ አያለሁ። አንዱ «ይህን ሳትሰማ አትሙት» ይላል፤ ሌላው ያንኑ ዕቃ አንስቶ «ቆሻሻ ነው» ይላል። ሁለቱም ጢማቸው ያማረ፣ ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ማንን ልመን? ከተሳሳትኩ የምሳሳተው በራሴ ጆሮ ብቻ ሳይሆን በመላው ኳየር ጆሮ ነው። ዳቦ ለጠየቀኝ ሻማ ሰጠሁ። ስኳር ለጠየቀኝ «ዝግ ነው ክፍት?» አልኩት።

«ምን ሆነሃል? እንደ ወላድ ትቃትታለህ» አለችኝ አስቴር።

«ኢምፒዳንስ ነው።»

«ሐኪም ዘንድ ሂድ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሄድፎን የሚሸጥበት ቤት ያለው በሰሜኑ በኩል፣ አጥሩ ከቤቱ በሚረዝምበት ሰፈር ነው። ማቲዎስ አብሮኝ ሊሄድ ነበር፤ ጄፒ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ የሚያሸጠው ቀጣሪው አልለቀው ሲል ብቻዬን ሄድኩ። ቤቱ ከወለሉ እስከ ግድግዳው ምንጣፍ ነው። ጸጥታው የሆድን ወሬ ያሳብቃል። ቁርስ ባለመብላቴ ሆዴ አንድ ነገር ተናገረ፤ ረጅሙ ሻጭ በትሕትና ያልሰማ መሰለ።

«ምን ዓይነት ድምፅ ይወዳሉ?» አለኝ። «ሞቅ ያለ? ብሩህ? ወይስ ጠቆር ያለ?»

ነጭና ጥቁር ተለያይቶ በኖረበት በዚህ አገር ሰው ስለ ቀለም ሲጠየቅ ተጠንቅቆ ነው የሚመልሰው።

«ለእኔ ሁሉም እኩል ነው» አልኩ።

«አሃ፣ ኒውትራል!» አለና በአክብሮት አየኝ። «ጥቂት ሰው ነው እንደዚህ የሚመርጥ።»

የቆዳ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ይጭንልኝ፣ ያወልቅልኝ ጀመር። አንዱ አምፕሊፋየር አናቱ ላይ አምፖል የመሳሰሉ ቱቦዎች ነበሩት፤ እንደ ፍም ቀልተው ይሞቃሉ። ድምፁን ትቼ «ሕፃናት ቢነኩትስ? መጋረጃ ቢወድቅበትስ?» እያልኩ ቤተ ክርስቲያናችን ሲቃጠል በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ። ያጫወተልኝን ጃዝ ሳዳምጥ አንገቴን ነቀነቅኩ፤ ሲቀይረው ደግሞ ነቀነቅኩ፤ ልዩነቱን እንደማላውቅ እንዳያውቅብኝ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ነቀነቅኩ። ላብ አጠመቀኝ። ላቤ የሰው ሄድፎን ውስጥ መግባቱ ሌላ ጭንቀት ሆነ።

በመጨረሻ አላስቻለኝም። «የራሳችንን መዝሙር ላጫውት» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

ገሩን ሄድፎን ከትልቁ አምፕሊፋየር ጋር ሰካው፤ ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደገባ ሽሽሽ አለ። ግትሩን በስልኬ ብቻ ሞከረው፤ ኳየራችን ማሰሮ ውስጥ የገባች ትንኝ ሆነ። ሦስተኛው ዝግ ነበር፤ ከባድ፣ ጥቁር፤ ቱቦ ከሌላት ትንሽ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘው።

ያኔ ሰማሁ። መዝሙር የሰማሁ አልመሰለኝም፤ ሰዎች ናቸው የመጡት። አልቶዎቹ እዚህ፣ ቴነሮቹ እዚያ፣ ወንበር የሚገፋ ሰው፣ ሳል፣ ሁሉም በየቦታው። ከሦስተኛው ቁጥር በፊት ደግሞ አንድ ትንፋሽ አለ። አጭር ነው፤ መካከሉ ላይ ይሰበራል፤ እንደገና ይሳባል። ልቅሶውን የሚውጥ ሰው ትንፋሽ ነው። የመጣውም ከማይኩ አጠገብ ነው፤ አስቴር ከቆመችበት።

«እባክህ እንደገና» አልኩት። እንደገና ሰማሁ።

«ዝርዝሩ ይገርማል፣ አይደል?» አለ ሻጩ።

«ሚስቴ እያለቀሰች ነው» አልኩት።

«አዎ» አለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «በጣም ስሜት የሚነካ ሄድፎን ነው።»

መያዣ አስቀምጬ ሄድፎኑንና ትንሿን አምፕሊፋየር ለሙከራ ወሰድኳቸው። እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ ታክሲ ውስጥ መግባት የሌባ ግብዣ ስለሆነ ሁለቱንም በጨርቅ ጠቅልዬ ባዶ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ውስጥ ከተትኳቸው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እግራቸውን ሊያሳርፉበት ሲሉ «አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። «ልጄ፣ ዱቄት እኮ አያመውም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከረጢቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ሁሉም «ምስኪን፣ ምን ነክቶት ይሆን» እያለ እያየኝ ጻካኔ ደረስኩ።

አስቴርን ግን አልጠየቅኳትም። እኛ ቤት ሰው «ደህና ነኝ» ካለ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ የሰው ሻንጣ እንደ መፈተሽ ነው። ሻይ ስትቀዳ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ታማ ይሆን? አገር ቤት እናቷ ዘንድ የቀረችው ልጃችን ናፍቃት ይሆን? ወይስ የምታለቅሰው በእኔ ነው? ምናልባት ተሳስቼ ከሆነስ? ደህና አድርጌ መስማት አለብኝ አልኩ።

ዕድሉን ቅዳሜ አገኘሁ። አስቴር ከተማ ወደ ሴቶች ጸሎት ሄደች። የቀኑ ሙቀት ቆርቆሮ ያስጮሃል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍላችን አምፕሊፋየሯን ሰካሁ፤ ሄድፎኑን ጫንኩ፤ «እምምምም» የሚል ጉምጉምታ መጣ። ማቲዎስ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ፍሪጅ በዚያው መስመር ላይ ሲሰካ እንዲህ ያደርጋል። የለስላሳውን ፍሪጅ ነቀልኩ። ቀነሰ። የአይስክሬሙን ነቀልኩ። ጠፋ። ቬንቲሌተሩን አጠፋሁ። ቀጥሎ «ትር-ትር-ትርርር» የሚል መጣ፤ እሱ ደግሞ ስልኩ ኔትዎርክ ሲፈልግ ነው። ስልኩን ፍላይት ሞድ አደረግኩት። ውጭ ታክሲ ጥሩምባ ይነፋል፣ ውሻ ይጮሃል። የሱቁን መስኮት ዘጋሁ። የብረት በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ለአንድ መዝሙር ብቻ ነው ብዬ።

ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሹ መጣ። መለስኩት። መጣ። መለስኩት።

ከዚህ በኋላ ውጭ የሆነውን የምነግራችሁ ሌሎች እንደነገሩኝ ነው። ደንበኞች መጥተው «ማሉሜ! ማሉሜ!» እያሉ መስኮቱን ደበደቡ። ማሉሜ አጎቴ ማለት ነው፤ አጎታቸው አልመለሰም። አስቴር ደወለች፤ ስልኬ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። ጨነቃትና ለቤታችን ባለቤት ለጎጎ ታንዲ ደወለች። ጎጎ ማለት አያት ነው፤ እሳቸው ግን የሰፈሩ ሁሉ አዛዥ ናቸው። ጎጎ መጥተው ጆሯቸውን በሩ ላይ ቢያደርጉ የፍሪጁ ድምፅ እንኳ የለም። የአበሻ ሱቅ ቅዳሜ ቀትር ላይ ተዘግቶ፣ ሰውየው ውስጥ ሆኖ ዝም ካለ፣ እዚህ ሰፈር ትርጉሙን ማንም ያውቃል። ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ጎረቤታችን ጎሚስታው ቩሲ የጎማ ማውለቂያ ብረቱን ይዞ መጣ።

እኔ ውስጥ ነኝ። በሩ ሲመታ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወንበሬ ሥር ዱም፣ ዱም ይላል። «ቤዙ ተሻሻለ!» አልኩ በልቤ። «ማቲዎስ እውነቱን ነው፤ አምፕሊፋየር ሲሞቅ ድምፁ ይከፈታል።»

ድንገት ብርሃን ፊቴ ላይ መጣ። ዓይኔን ስገልጥ ቩሲ ብረቱን ከፍ አድርጎ ከፊቴ ቆሟል። ከኋላው ሰው፣ ከሰው ኋላ ሰው። የሁሉም አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እኔ የምሰማው ግን የኳየራችንን ሃሌሉያ ብቻ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የፈራሁት ቀን ይሄው ደረሰ አልኩ። ሁለት እጄን አነሳሁ። ከድንጋጤዬ የተነሳ ያወራሁት በአማርኛ ነው፤

«ሁሉንም ውሰዱ! ይሄን ብቻ ተዉልኝ! የቤተ ክርስቲያን ነው!»

ብድግ ስል ገመዱ ተሳበ፤ አምፕሊፋየሯ ተወርውራ የዱቄት ክምር ላይ አረፈች። ጎጎ ታንዲ ሰውን ገፍተው መጡና ሄድፎኑን ከጭንቅላቴ መነጨቁት። ዓለም ከነጩኸቱ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ሃይቦ! አለህ? ደም አለብህ? ማን ነው የመታህ?» ይላሉ ጎጎ፣ ፊቴን እንደ ቲማቲም እያገላበጡ።

ቩሲ ብረቱን ዝቅ አደረገ። «እኔ እኮ በድንህን የምናገኘው መስሎኝ ነበር» አለ።

ሊያድኑኝ የመጡ ሰዎች ናቸው። ምን እላቸዋለሁ? «ሙዚቃ እየሰማሁ ነበር» አልኩ። ከኋላ አንዲት ሴት «እኔ ዳቦ ፈልጌ ነው እንጂ...» ብላ ጀምራ ተወችው።

አስቴር የደረሰችው ያኔ ነው። የተሰበሰበውን ሰውና የተገነጠለውን በር ከሩቅ አይታ እየጮኸች ሰው ሰንጥቃ ገባች። ቆሜ አየችኝ። በቦርሳዋ አንድ ጊዜ ትከሻዬን መታችኝ፤ ከዚያ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ደግማ መታችኝ።

«ስልክህን ምን በላው? ሞተሃል ብዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ግን ሰሞኑን ይዤው የከረምኩት ጭንቀት ነበርና አፌን ስከፍት እሱ ወጣ።

«አስቱ፣ ከሦስተኛው ቁጥር በፊት ለምን አለቀስሽ?»

«ምን?»

አምፕሊፋየሯን ከዱቄቱ ላይ አነሳሁ፤ እፍ አልኳት፤ መልሼ ሰካኋት፤ ሠራች። ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ የአስቴርን ፊት ያያል። ስታዳምጥ ፊቷ መጀመሪያ ቁጡ ነበር። ቀስ እያለ ለዘበ። ሄድፎኑን አወለቀች።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አለች።

«ማይኩ አጠገብ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«በቀረጻው ዕለት ከኋላዬ ተጠግተህ የቆምከው አንተ ነህ። ትንፋሽህ አንገቴ ላይ ነበር።» ድምፅዋን ቀነሰች። «አባትህ ባረፉበት ሳምንት ነው እኮ የቀዳነው።»

አባቴ ያረፈው አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ነው። መርዶው የመጣው በስልክ ነው። የያዝኩት የስደተኛ ወረቀት ከዚህ አገር ወጥቶ መመለስ ስለማይፈቅድ መሄድ አልቻልኩም። ለኳየሩ ብነግር ቅጂው ይቀራል ብዬ አስቴርን «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ከቀረጻው በኋላ እናወጣዋለን» አልኳት። ከቀረጻው በኋላ ደግሞ ዳቦ ይመጣል፣ ለስላሳ ይመጣል፣ ሰው መስኮት ያንኳኳል። ሰውም «እንዴት ነህ» ሲል «ደህና ነኝ» አልኩ። ብዙ ጊዜ ስላልኩት እኔም አምኜው ነበር።

ሄድፎኑን ተቀብያት እንደገና ሰማሁ። ሰው የራሱን ትንፋሽ ያውቃል። እንዴት እስከዛሬ አላወቅኩትም? ከዱቄቱ ክምር ላይ ተቀመጥኩና፣ ቩሲ ፊት፣ ዳቦ ፈላጊዋ ፊት፣ ያን የተዋጠ ልቅሶ እስከ መጨረሻው አለቀስኩት።

«ምን ሆኗል?» አሉ ጎጎ ታንዲ።

አስቴር ባላት ዙሉ፣ በጎደለው እንግሊዝኛ እየሞላች ነገረቻቸው። ጎጎ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አድርገው «አክዌህላንጋ ሉንጌህላንጋ» አሉ። ሀዘን ለደረሰበት ሰው የሚባል ነው፤ በሰው ላይ ደርሶ የማያውቅ ነገር አልደረሰብህም እንደማለት ነው። ቀና ብለው ሕዝቡን አዘዙ። የለስላሳ ሳጥኖች ተገልብጠው ወንበር ሆኑ። የመጣው ሁሉ ተቀመጠ። ቩሲ የተገነጠለውን በር ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከፊቱ ሳጥን ስቦ ተቀመጠ፤ ማንም እንዳይነካው። አስቴር ከሞቀው ፍሪጅ ለስላሳ እያወጣች አደለች፤ የቀለጠውን አይስክሬም በኩባያ ቀዳች። አንዷ ሴት መዝሙር ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ቃሉን አላውቀውም፤ ቤዙን ግን አገኘሁት።

በዚህ መካከል አንድ የሰፈር ሽማግሌ የሱቁን መስኮት አንኳኩ። «ማሉሜ፣ ዳቦ!»

«ዝግ ነው!» አሉ ጎጎ ከተቀመጡበት። «እዚህ ቤት ሀዘን አለ!»

«ማን ሞተ?»

«አባቱ!»

«ውይ! መቼ?»

ጎጎ ወደ እኔ ዞሩ። ሰውም መዝሙሩን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«አምና» አልኩ።

ሽማግሌው በመስኮቱ ብረት መካከል እኔን አዩኝ፤ የተቀመጠውን ሰው አዩ፤ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን በር አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በበሩ በኩል ዞረው ከለቀስተኛው ጋር ሊቀመጡ ገቡ።